ከናሽቪል እስከ ሆሳዕና፦ አልበሙ የማን ነው?

ለመስቀል ወደ ሆሳዕና ስንወርድ መኪናው ውስጥ ሙዚቃ የምትመርጠው የመጨረሻዋ ልጄ ናት። የዓለም ገናው መንገድ በቡታጅራና በወራቤ አድርጎ ሆሳዕና እስኪያስገባ ድረስ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ ለብዙ ዘፈን ጊዜ ይሰጣል። ቡታጅራ ላይ ቡናችንን ጠጥተን እንደወጣን አንድ የእንግሊዝኛ ዘፈን ተጀመረ። ባንጆና ቫዮሊን ያጀበው የአንዲት ወጣት ሴት ድምፅ ነው። ገና ከመጀመሩ ልጄ አቋረጠችውና ያንኑ ዘፈን እንደገና ከሥሩ አስነሳችው።

«ምን ሆነ?» አልኳት።

«ያ የድሮው ቅጂ ነው አባቢ። እሱን አናዳምጥም።»

ለእኔ ጆሮ ሁለቱ አንድ ናቸው። ያው ዘፋኝ፣ ያው ግጥም፣ ያው ዜማ። «ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው?» ብላት፣ «ይኼኛው የራሷ ነው፤ ያኛው ግን የእሷ አይደለም» አለችኝ። ሕግ ትምህርት ቤት ሳለሁ ስለ ባለቤትነት ስንት ሰዓት እንደተማርኩ አላስታውስም። እንዲህ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያሳጠረልኝ መምህር ግን አልገጠመኝም።

ነገሩን እዚያው መንገድ ላይ ረስቼው በቀረሁ ነበር። ሆሳዕና ግን አንድ ወረቀት ይጠብቀኝ ኖሯል።

የበዓሉ ማግስት ነው። አተካናው ተበልቶ ቡና ላይ ሳለን የአክስቴ የልጅ ልጅ መጣ። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ኪቦርድ ይጫወታል፤ በሃዲይኛም በአማርኛም ይዘፍናል። ከኪሱ አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣና «ጋሼ፣ እማኝ ሆነው ይፈርሙልኝ» አለኝ። ኮምፒዩተር ጽሑፍ ቤት የተተየበ አንድ ገጽ ውል ነው። አሥር ዘፈኖች ያሉት አልበም ስቱዲዮና የዩቲዩብ ቻናል ላለው ሰው ተሸጧል። ስለ ዋጋው ብዙ አልናገርም፤ ከሆሳዕና ጆሃንስበርግ ለሚያደርስ ደላላ ከሚከፈለው እጅግ ያነሰ ነው ብል የአገሬ ሰው ይገባዋል። ወረቀቱ የሚዘጋው «ከዛሬ ጀምሮ በአልበሙ ላይ ምንም ዓይነት መብት የለኝም፤ ወደፊትም አልጠይቅም» በሚል ዓረፍተ ነገር ነው።

«ምንድን ነው የሸጥከው?» አልኩት።

«አልበሙን ነዋ!»

እዚህ ላይ ነው የመኪናው ዘፈን ትዝ ያለኝ። «አልበም» የሚባል ነገር በገበያ አለ፤ በሕግ ዓይን ግን አንድ ዕቃ አይደለም። በአንድ ሽፋን የተጠቀለሉ ብዙ መብቶች ናቸው። ይህንን ለማሳየት የዚያችን አሜሪካዊት ዘፋኝ አልበም ያህል ግልጽ ምሳሌ ስለማይገኝ ከእሱ ልጀምር።

የእኔ ዘመን ሰው ካንትሪ ሙዚቃን በካሴት ያውቀዋል። ኬኒ ሮጀርስን፣ ዶሊ ፓርተንን፣ ዶን ዊሊያምስን ያልሰማ የከተማ ልጅ የለም ማለት ይቻላል። ታላላቆቻችን ደግሞ ከጂም ሪቭስ ይጀምራሉ። አስመራ ከነበረው የአሜሪካውያኑ የቃኘው ጣቢያ ሬዲዮ የሰሙም አሉ። ከገጠር የመጣ፣ ታሪክ የሚተርክ፣ ስለ እናት፣ ስለ ስደት፣ ስለ ክህደት የሚያወራ ዘፈን በመሆኑ ለእኛ ሆድ ቅርብ ነው። ቴይለር ስዊፍት ግን የልጆቻችን ናት። ፔንሲልቬንያ ተወልዳ፣ በ14 ዓመቷ ቤተሰቧን አስከትላ የካንትሪ መዲና ወደሆነችው ናሽቪል አካባቢ የሄደች፣ ገና አሥራ አምስት ዓመት እንደሞላት ቢግ ማሽን ከተባለ አዲስ ኩባንያ ጋር የተፈራረመች ልጅ ነበረች። ሁለተኛ አልበሟ «ፊርለስ» (ፍርሃት የለሽ እንበለው) እ.ኤ.አ. በኅዳር 2008 ወጣ። አሥራ ሦስት ዘፈኖች ነበሩት። ከእነዚህ ሰባቱን ብቻዋን፣ የቀሩትን ከሌሎች ጋር ሆና የጻፈችው ራሷ ናት። ይህንን ቁጥር አንባቢ ይያዝልኝ፤ ኋላ ያስፈልገናል። አልበሙ በአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ አናት ላይ 11 ሳምንት ተቀመጠ። እ.ኤ.አ. በ2010 የግራሚን የዓመቱ ምርጥ አልበም ሽልማት ወሰደ፤ የካንትሪ ምርጥ አልበም ሽልማትንም ጨመረ። በኋላ ወደ ፖፕ ስለተሻገረች «እሷ ደግሞ ካንትሪ ናት እንዴ?» የሚሉ የኬኒ ሮጀርስ ወዳጆች አሉኝ። የዚህ አልበም መዝገብ ግን በሽልማቱ ተዘግቷል፤ ይግባኝ አይባልበትም።

ለዚያ ኩባንያ ስድስት አልበም ሠርታ ውሏ እ.ኤ.አ. በ2018 አለቀ። ወደ ሌላ ኩባንያ ስትሄድ ያቀረበችው ቅድመ ሁኔታ ከእንግዲህ የምቀዳቸው ማስተሮች የእኔ ይሁኑ የሚል ነበር፤ ተቀበሏት። የቀድሞዎቹ ስድስት አልበሞች ማስተር ግን ቢግ ማሽን እጅ ቀረ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2019 ስኩተር ብራውን የተባለ ባለሀብት ኩባንያውን ከነማስተሮቹ ገዛው። ዋጋው ወደ 300 ሚሊዮን ዶላር እንደሆነ በሰፊው ተዘገበ። ዘፋኟ ሰውዬውን ከማንም በላይ የማትወደው መሆኗን በአደባባይ ተናገረች። ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላ ማስተሮቹ ሻምሮክ ለሚባል የኢንቨስትመንት ድርጅት እንደገና ተሸጡ። ልብ በሉ፤ ሻጭና ገዢ ሲለዋወጡ በሕግ የእሷ ፈቃድ አላስፈለገም። ማስተሩ የሷ አይደለማ! የተሸጠው የሷ ድምፅ ነው፤ ግን የተቀዳው ድምፅ ነው።

«ማስተር» የምንለው ይኼው ነው። አንድ ዘፈን ሁለት ንብረት አለበት። አንደኛው ግጥምና ዜማው ነው፤ ጸሐፊው በወረቀት ወይም በአእምሮው የፈጠረው፣ ማንም አፍ ላይ ቢገባ ያው የሆነው ነገር። ሁለተኛው ያ ዘፈን በአንድ ቀን፣ በአንድ ስቱዲዮ፣ በእነዚያ ሙዚቀኞች ተዘፍኖ የተቀዳው ድምፅ ነው። ለሁለቱ የተለያየ ባለቤት ሊኖራቸው ይችላል። አሜሪካኖች ራሳቸው ለተቀዳው ድምፅ በፌዴራል ሕግ ራሱን የቻለ ጥበቃ የሰጡት እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 15 ቀን 1972 ጀምሮ ነው። ግጥሙና ዜማው ከዚያ በፊት ረጅም ጊዜ ተጠብቆ ኖሯል።

ልጅቱ ያደረገችው ነገር የሚገባው ይህ ከገባ በኋላ ነው። ማስተሩ የሌላ ቢሆንም ዘፈኑን የጻፈችው እሷ ናት። ውሏ ዘፈኖቹን ለተወሰነ ጊዜ ደግማ እንዳትቀዳ ያግዳት ነበር። እገዳው ከእ.ኤ.አ. ኅዳር 2020 ጀምሮ መላላት ሲጀምር ስቱዲዮ ገባች። አልበሙን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ባንጆው ባንጆ በሚልበት፣ ትንፋሹ በሚወሰድበት ሁሉ እየተከተለች ደግማ ዘፈነችው። በአሥራ ስምንት ዓመቷ የዘፈነችውን በሠላሳ አንድ ዓመቷ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2021 «ፊርለስ፣ የቴይለር ቅጂ» ተብሎ 26 ዘፈኖች ይዞ ወጣ። ያኔ ያልወጡ ስድስት ዘፈኖችንም ጨመረችበት። አንደኛ ደረጃ ላይ ገባ። ዳግም የተቀዳ አልበም በዚያ ሰንጠረዥ አንደኛ ሲሆን የመጀመሪያው ነው።

ይህን ያደረገች የመጀመሪያዋ ዘፋኝ አይደለችም። ፍራንክ ሲናትራ የራሱን ኩባንያ ሲከፍት የቀድሞ ዘፈኖቹን ደግሞ ቀድቷል። ኤቨርሊ ወንድማማቾችም እ.ኤ.አ. በ1964 እንዲሁ አድርገዋል። አዲሱ ነገር ሌላ ቦታ ነው። አድማጩ፣ ማለትም የእኔ ልጅ ቢጤ፣ የትኛው ቅጂ የማን እንደሆነ አውቆ መምረጡ ነው። ሌላው ጉልበት ደግሞ ከፊልምና ከማስታወቂያ የመጣ ነው። አንድ ፊልም ሠሪ የተቀዳ ዘፈን ለመጠቀም የሁለቱንም ባለቤቶች ፈቃድ ይፈልጋል፤ የማስተሩንም፣ የግጥምና ዜማውንም። ስለዚህ ማስተሩን የገዛው ባለሀብት ዘፋኟ «እምቢ» ካለችው ዕቃው ግማሽ በሩ ተቆልፎበታል። በአዲሱ ቅጂ ግን ሁለቱም ቁልፍ በእሷ እጅ ነው። ከዚያ ሦስት ተጨማሪ አልበሞችን እንዲሁ ደገመች። በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በግንቦት 30 ቀን 2025 የመጀመሪያዎቹን ማስተሮች ከሻምሮክ ራሷ መግዛቷን አስታወቀች። ልጄ ይህን ታውቃለች፤ ሆኖም የድሮውን ቅጂ መዝለሉን አልተወችም። ልማድ ሆኖባታል።

አሁን ወደ ሆሳዕናው ወረቀት እንመለስ። «ታዲያ የእኛም ልጅ ከተበደለ ደግሞ ይዘፍናላ!» የሚል አንባቢ ይኖራል። እዚህ ላይ ነው ቆም ማለት ያለብን።

በእኛ አገር ነገሩን የሚገዛው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። ከዚያ በፊት በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ከቁጥር 1647 እስከ 1674 የተቀመጡ ድንጋጌዎች ነበሩ። እኛ ተማሪዎች ሳለን እነዚያን በጥድፊያ ነበር የምናልፋቸው፤ ፈተና ላይ ስለማይመጡ። አዲሱ አዋጅ ግን በአንድ አልበም ላይ ቢያንስ ሦስት ዓይነት ባለመብት እንዳለ ግልጽ አድርጎ ያስቀምጣል። የመጀመሪያው ሥራ አመንጪው ነው፤ ግጥሙን የጻፈ፣ ዜማውን የደረሰ፣ ሙዚቃውን ያቀናበረ። መብቱ በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። ሁለተኛው ከዋኙ ነው፤ የዘፈነውና የተጫወተው ሰው። ሦስተኛው የድምፅ ሪከርዲንግ ፕሮዲዩሰሩ ነው፤ ቅጂውን ያስቀዳው። የእነዚህ የሁለቱ ጥበቃ 50 ዓመት ነው። የብሮድካስት ድርጅት መብትም አለ፤ ለዛሬ ይቆየን።

የአሜሪካዊቷ ጉልበት ከየት እንደመጣ አስታውሱ። ዘፋኝ በመሆኗ ሳይሆን ጸሐፊ በመሆኗ ነው። የእኛ ዘፋኝ ግን እንደ ልማዱ ግጥሙን ከአንዱ፣ ዜማውን ከሌላው፣ ቅንብሩን ከሦስተኛው ያገኛል። የይልማ ገብረአብን ግጥምና የአበበ መለሰን ዜማ ስንት ዘፋኝ እንደተጫወተው ለአንባቢ አልነግርም። የድሮ ካሴት ሽፋን ላይ «ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር» ተብሎ ሦስት ስም ይደረደር የነበረው በሕግም ቋንቋ ትክክል ነበር። ታዲያ በእንዲህ ያለ አልበም ዘፋኙ ከፕሮዲዩሰሩ ተጣልቶ ልድገመው ቢል የገጣሚውንና የዜማ ደራሲውን ፈቃድ መጠየቅ አለበት። እነሱ ደግሞ መብታቸውን አስቀድመው ለፕሮዲዩሰሩ አስተላልፈው ከሆነ መንገዱ ተዘግቷል። ማስተርም፣ ግጥምም፣ ዜማም በአንድ እጅ ገብቷል ማለት ነው። ያን ጊዜ ዘፋኙ የቀረው ጉሮሮው ብቻ ነው።

የእኛ ልጅ በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነበር። ከአሥሩ ዘፈኖች ስምንቱን ግጥምም ዜማም ራሱ ሠርቷቸዋል። የቀሩት ሁለቱ ዜማቸው የያሆዴ ነው፤ በመስቀል ሰሞን አባቶቹ ሲሉት የኖሩት። «እነዚህስ የማን ናቸው?» አልኩት። «የሁላችንም» አለ። ልክ ነው። የሕዝብ የሆነ ዜማ ባለቤት ነኝ ብሎ ማንም ሊሸጠው አይችልም፤ እሱም፣ ገዢውም። ነገር ግን እሱ በኪቦርድ አቀናብሮ የሠራበት አዲስ ነገር፣ ማለትም ቅንብሩና የጨመረው ግጥም፣ የራሱ ሥራ ሆኖ በአዋጁ ይጠበቅለታል። ነገ ሌላ የሆሳዕና ወይም የሾኔ ልጅ ያንኑ የያሆዴ ዜማ በራሱ መንገድ ቢጫወተው ግን ሊከለክለው አይችልም። ውሉ ላይ «አሥሩም ዜማዎች የገዢው ንብረት ናቸው» ተብሎ መጻፉ በእነዚህ በሁለቱ ላይ ከቀለሙ አያልፍም።

የእኛን አገር ታሪክ ሳልጠቅስ ባልፍ ቅር ይለኛል፤ የማስተር ጉዳይ እዚህም አዲስ አይደለምና። እ.ኤ.አ. በ1948 በወጣ ንጉሠ ነገሥታዊ ውሳኔ ሸክላ የማስቀዳትና የማስመጣት ሥራ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። ይህንን አጥር ዘልሎ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሬከርድስን ያቋቋሙት አምሃ እሸቴ ናቸው። ዓለማየሁ እሸቴን አስቀድተው ሸክላውን ሕንድ አገር አሳተሙት፤ ዝም ተባሉ፤ ቀጠሉ። እስከ 1975 ድረስ ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላዎችና አሥራ ሁለት ያህል ሙሉ አልበሞች አወጡ። ከብዙ ዓመት በኋላ የፈረንሳዩ ቡዳ ሙዚክ «ኢትዮፒክስ» በሚል ተከታታይ ሲዲ ዓለምን ያስደነቀበት ሙዚቃ ትልቁ ክፍል ከእነዚያ ቅጂዎች የተገኘ ነው። ያ ሙዚቃ አሜሪካ ፊልም ውስጥ ሳይቀር ገብቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣውን የጂም ጃርሙሽን ፊልም ያየ ሰው የሙላቱ አስታጥቄን ቪብራፎን ሰምቷል። በ1960ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ማታ የተቀዳ ድምፅ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ፓሪስና ኒውዮርክ ገንዘብ ይሆናል ብሎ ያኔ ውል ላይ ያሰበ ሰው ያለ አይመስለኝም። የካሴት ዘመንም እንደዚሁ አለፈ። ዘፋኙ ማስተሩን ለሙዚቃ ቤት በአንድ ጊዜ ክፍያ ያስረክባል፤ ካሴቱ ቢሸጥም ባይሸጥም ነገሩ እዚያው ያበቃል። የሆሳዕናው ወረቀት የተተየበው በኮምፒዩተር ይሁን እንጂ አስተሳሰቡ የካሴት ነው።

ፍትሐዊ ለመሆን የገዢውንም ወገን ልስማ። ስቱዲዮው የእሱ ነው። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር የሚያስነሳው፣ ለክሊፕ ካሜራ የሚከራየው፣ ከአሥር አልበም ሰባቱ ቢከስር ኪሳራውን የሚሸከመው እሱ ነው። ቢግ ማሽንም ማንም ባላወቃት የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ላይ ገንዘቡን አውሏል። በአሥር ዘፈን ላይ የተወሰነ ዓመት ትርፍ ቢፈልግ አልፈርድበትም። የምፈርድበት «ምንም መብት፣ ለዘላለም» በሚለው ላይ ነው።

እንዲህ ያለ ውል በሕግ ይጸናል ወይ? የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1731 በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ነው ይላል። ብዙ ሰው ከሕግ የሚያውቀው ይህችን ብቻ ነው፤ ባለጉዳይ ሲያስፈራሩ የሚጠቅሷትም እሷን ነው። ቁጥር 1710 ንዑስ ቁጥር 2 ደግሞ አለ። የአንደኛው ወገን ችግር፣ የዋህነት፣ እርጅና ወይም ግልጽ የሆነ የንግድ ልምድ ማጣት መጠቀሚያ ተደርጎ የተገኘ ስምምነት፣ ፍትሕ የሚያስገድድ ሲሆን፣ ሊፈርስ ይችላል ይላል። ግን ለማስረዳት ከባድ ነው፤ ክሱም በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ዘፈን ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚፈነዳው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። በዚህ አንቀጽ ተማምኖ መፈረም ሐኪም ቤት አለ ብሎ ከገደል እንደመዝለል ነው።

ስለዚህ እማኝነቱን ትቼ እርሳስ አነሳሁ። መጀመሪያ የነካሁት «ባዘጋጅ ትእዛዝ ተሠርቶ» የምትለዋን ሐረግ ነው። አላዋቂ ሰው አይቶ ያልፋታል፤ ከሁሉም ግን እሷ ትብሳለች። በአዋጁ መሠረት አንድ ሥራ በቅጥር ወይም በትእዛዝ የተሠራ እንደሆነ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ የመጀመሪያው ባለመብት ቀጣሪው ወይም አዛዡ ነው። ልጁ ዘፈኖቹን የጻፈው ሰውዬውን ከማወቁ በፊት፣ ገሚሱን ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ ዶርም ውስጥ ነው። ማንም አላዘዘውም። በዚያች ሐረግ ግን ራሱ እጁን ሰጥቶ «ታዝዤ ነው» ሊል ነበር።

ቀጥሎ ግጥምና ዜማውን ከቅጂው ለየሁ። ገዢው የሚያስፈልገው እነዚህን አሥር ቅጂዎች ዩቲዩብና ሌላም ቦታ ጭኖ መሸጥ ነው። ይህን ማድረግ የሚያስችል ፈቃድ ይሰጠው፤ ግጥምና ዜማው ግን የጸሐፊው ይሁን። ከዚያ ዘመን ጻፍኩ፤ ሰባት ዓመት። ውል ላይ ጊዜ ያልተጻፈበት መብት ጠብ ይወልዳል፤ እኔ ደግሞ ከጠብ ስበላ የኖርኩ ሰው ብሆንም ለዘመድ አልመኝም። ከሰባት ዓመት በኋላ ቅጂው ለዘፋኙ ይመለሳል፤ እስከዚያ ድረስ ከገቢው ድርሻ በየስድስት ወሩ ሂሳብ ይቀርብለታል። ደግሞ ያለመቅዳት እገዳ አለ። የአሜሪካዊቷን ታሪክ ያዩ ኩባንያዎች ከዚያ ወዲህ ይህንን እገዳ ማስረዘም እንደያዙ ተዘግቧል። የእኛውም ሰው፣ ከማን እንደሰማ አላውቅም፣ «ዘፈኖቹን በማናቸውም ሁኔታ ደግሞ አይዘፍንም» ብሎ ጽፏል። «አይዘፍንም» ማለት እኮ ሠርግ ላይ፣ መድረክ ላይ፣ እናቱ ቤትም አይዘፍንም ማለት ነው። «ለንግድ ደግሞ አይቀዳም፤ ለአምስት ዓመት» በሚል ለወጥኩት።

ልጁ ያልገመተው የዩቲዩቡን ጉዳይ ነው። ዛሬ ቻናል ያለው ሰው ቅጂውን በባለቤትነት ካስመዘገበ ማሽኑ በራሱ ሥራውን ይሠራል። ልጁ ነገ የራሱን ቻናል ከፍቶ የገዛ ዘፈኑን ቢጭን «የሌላ ሰው ንብረት» ተብሎ ይነሳበታል፤ ከተደጋገመም ቻናሉ ይዘጋል። ፍርድ ቤት ሳይሄድ፣ ዳኛ ሳይሰማው። አድማጮቹ ደግሞ በአብዛኛው የሚገኙት እዚያው ነው። ጆሃንስበርግና ደርባን ሱቅ ከፍተው የሚኖሩት የሃዲያና የከምባታ ልጆች ካሴት አይገዙም፤ ስልክ ይከፍታሉ። ስለዚህ በየቅጂው ላይ ስሙ እንደ ዘፋኝም፣ እንደ ግጥምና ዜማ ደራሲም እንዲጻፍ አስገባሁ። የሞራል መብት ከገንዘቡ መብት የተለየ ነው፤ ገንዘብ ስለተቀበለ ስሙን አልሸጠም።

አዋጁ ጥርስ የለውም የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ጥርስስ አለው። ሆን ብሎ መብቱን የጣሰ ሰው በእስራት ይቀጣል፤ ለሞራል ጉዳት የሚከፈለው ካሣም ከ100,000 ብር አያንስም። መብቱን ለማግኘት የግድ ማስመዝገብ አያስፈልግም፤ ሥራው ወጥ ሆኖ ግዙፍነት ካገኘ፣ ማለትም ከተጻፈ ወይም ከተቀዳ፣ ይበቃል። በ2007 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 872 ደግሞ የሮያልቲ ክፍያ በጋራ አስተዳደር ማኅበራት በኩል የሚሰበሰብበትን መንገድ ከፍቷል። ጎደለ የምለው ሌላ ነው። እነዚህ ሁሉ ድንጋጌዎች የሚሠሩት መብቱ በእጁ ላለ ሰው ነው። ልጁ ያንን ወረቀት ፈርሞ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ጥርስ የሚነክሰው ራሱን ነበር፤ የገዛ ዘፈኑን ደግሞ ያባዛ ዕለት ተከሳሹ እሱ ነውና።

እርሳስ የተጨማመረበትን ወረቀት ይዞ ሄደ። እኔም በማግስቱ ወደ አዲስ አበባ ተመለስኩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ደወለ።

«ጋሼ፣ ስሙን ተቀብሏል። ሰባት ዓመቱንም ተቀብሏል፤ ትንሽ ተነጫንጮ። ድርሻውን ግን አምጥቼ ሂሳብ አላሳይም አለ። ትራኮቹንም አልሰጥም አለኝ።»

ትራኮቹ ማለት ኪቦርዱ፣ ከበሮው፣ ድምፁ ለየብቻ የተቀዱባቸው ፋይሎች ናቸው። ስለ እነሱ እኔ አላነሳሁም ነበር፤ ራሱ ጠይቆ ኖሯል። ሂሳብ ማሳየቱ ላይ እንዳይላላ፣ ትራኮቹን ግን ሰባት ዓመቱ ሲያልቅ ይሰጠኛል ብሎ እንዲያጽፍ ነገርኩት።

እስከ ዛሬ አልተፈራረሙም። ባለፈው ቅዳሜ ዱራሜ ላይ አንድ ሠርግ ተጋብዞ ሁለቱን ዘፈኖች ተጫውቷቸዋል አሉ። እድምተኛው በሙሉ ስልኩን አውጥቶ ሲቀርጽ ነበር።